ሃያ ስምንት ኩፖንና አንድ ጭልፋ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ገና ሳይርበው የምግቡን ዋጋ መክፈል በጀመረበት ዘመን፣ አሰላ ከተማ ውስጥ ጋሽ ደርቤ የሚባሉ አሳላፊ ነበሩ። በሰፈሩ እድር ሠርግም ሆነ እዝን ሲኖር፣ ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ሰው እየዞሩ ወጥ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። እጀታው ወይራ የሆነ አንድ ጭልፋ ነበራቸው። ከእሳቸው በፊት አሳላፊ የነበሩት ጋሽ ቱሉ ጭልፋውን ሲሰጧቸው አንድ ቃል አስገብተዋቸዋል፦ «የመጨረሻው እንግዳ ሳይበላ እንዳትቀመጥ።»

ጋሽ ደርቤ ይህን ቃል ያፈረሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወጣት ሳሉ፣ በአንድ እዝን ላይ፣ ሰው ሁሉ የበላ መስሏቸው ተቀመጡና የቀረውን በሉ። እጃቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ የሟቹ ወንድም ደረሰ። መኪና አጥቶ ከበቆጂ ግማሹን መንገድ በእግሩ የመጣ ሰው ነው። ድስቱ ባዶ ነበር። ሰውየው «ግድ የለም» ብሎ ውሃ ጠጣና ተመለሰ።

ከዚያን ቀን ወዲህ፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ጋሽ ደርቤ ተቀምጠው ሲበሉ ያየ የለም። በቤታቸውም ቢሆን በሩን ገርበብ አድርገው የሚመጣ ሰው ይጠብቃሉ። ወጡ ሲቀዘቅዝ ምድጃው አጠገብ ቆመው ሁለት ሦስት ጉርሻ ይጎርሳሉ፤ በቃ።

በመጨረሻ ጨጓራቸው ቆሰለ። ሐኪሙ ልጆቻቸውን ጠርቶ እንዲህ አለ፦ «ትኩስ ነገር፣ በሰዓቱ፣ ተቀምጠው ይብሉ። አለዚያ በሚቀጥለው የምትመጡት እኔ ጋ ሳይሆን ቀዶ ጥገና ክፍል ነው። በዚህ አቅማቸው ደግሞ ቢላዋውን የሚችሉት አይመስለኝም።»

ልጆቹ ሦስት ናቸው። ሦስቱም አባታቸውን ይወዳሉ፤ በዚህ የሚበላለጡ አይመስለኝም። ለማንም እንዳላደላ በዕድሜያቸው ተራ እናገራለሁ።

ታላቁ አንዷለም ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። የእሱ ስጦታ ነገን ማየት ነው፤ ጃንጥላ የሚገዛው በበጋ፣ ሲረክስ ነው። «አባዬ አሰላ እስካሉ ድረስ አሳላፊ ናቸው፤ እንግዳ የሚሆኑበት ቦታ መውሰድ አለብኝ» ብሎ አሰበ። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር አንድ ሪዞርት ነበር። ከሰኞ ምሳ እስከ ረቡዕ ምሳ፣ ሰባት ገበታ፣ ከነማደሪያው፣ ዋጋው አስቀድሞ ይከፈላል፤ በሥራ ቀን ለሚመጣም ሠላሳ በመቶ ቅናሽ አለው። አንዷለም ሁለት ወር ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ለአራት ሰው ከፈለ። ሃያ ስምንት ኩፖን ተሰጠው፤ በእያንዳንዱ ላይ የሰው ስም፣ ቀንና ገበታ ተጽፎበታል።

«እኔ ለመብላት ብዬ አገር አቋርጬ አልሄድም» አሉ ጋሽ ደርቤ።

«ተከፍሏል እኮ፣ አባዬ።»

«ያስመልሱልህ።»

«አይመለስም። በስምዎ ተጽፏል፤ ለሌላ ሰውም አይሰጥም።»

ጋሽ ደርቤ «ካልተበላ ምን ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ይጣላል።»

«የበሰለው?»

«የበሰለው።»

ተነሡና ጭልፋቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉ። አንዷለም «ጭልፋው ደግሞ ምን ያደርጋል?» ቢላቸው፣ «የሰው ቤት ነው፤ ይጎድላቸው ይሆናል» አሉት።

ሰኞ ለምሳ ደረሱ። የሐይቁ ውሃ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፤ ምግብ ቤቱ ዙሪያው ክፍት ሆኖ ጣሪያው ሣር ነው። ረጅም ጠረጴዛ ላይ አሥራ ስድስት ድስት ተደርድሯል። ጋሽ ደርቤ ክዳኑን እያነሡ አንድ በአንድ አዩ፤ በዕድሜያቸው ሙሉ እንዲህ ያለ ድግስ ያለ ሙሽራና ያለ ሟች አይተው አያውቁም። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ስድሳ የሚሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች ለሥልጠና መጥተው ነበርና ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ጋሽ ደርቤ ሰልፉን ሲያዩ ጭልፋቸውን ከጨርቁ አወጡ።

የምግብ ቤቱ ኃላፊ ሸዋዬ የምትባል ሴት ናት። ሮጣ መጣችና «ይቅርታ አባባ፣ እዚህ እንግዳ ራሱ ነው የሚያነሣው» አለቻቸው።

«እንግዳ ራሱ?»

«አዎ።»

«እናንተስ ምን ትሠራላችሁ?»

ሸዋዬ ሳቀች፤ እሳቸው የጠየቁት ግን ከልባቸው ነበር። ከድስቱ አጠገብ አልተንቀሳቀሱም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይደግማል፤ ስልክ ሲያወራ የቆየም ዘግይቶ ይመጣል። ስምንት ተኩል ሆነና ገበታው ተነሣ፤ የጋሽ ደርቤ ኩፖንም ጊዜው አለፈበት። ማታም እንደዚያው። እንዲያውም ሠልጣኞቹ «ሽማግሌው የጨለፉት ይጣፍጣል» ብለው ወደ እሳቸው ይሰለፉ ጀመር። እሳቸው በኋላ ጥግ ላይ ቆመው ደረቅ ዳቦ ቆረሱ።

አንዷለም ራሱን ያዘ። ቅናሹ በሥራ ቀን ነው፤ ሥልጠናም የሚካሄደው በሥራ ቀን ነው። የመጨረሻው ኩፖን ደግሞ የረቡዕ ምሳ ሆኖ ስምንት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ አባቱ ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ክረምትን በበጋ የሚያየው ሰው ረቡዕን አላየም ነበር።

ሁለተኛዋ ስንዱ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ትጽፋለች። የእሷ ስጦታ ሌላው ሰው የሚዘለውን ማንበብ ነው። ሰኞ ከእራት በኋላ የኩፖኑን ጀርባ አነበበች። በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ አንድ እንግዳ በስሙ ካሉት ኩፖኖች ሦስቱን ጊዜያቸው ሳያልፍ ከመለሰ፣ ምግብ ቤቱ በሚዘጋበት ሰዓት የአራት ሰው የግል ገበታ ይሰናዳለታል። ስንዱ ከወንበሯ ሳትነሣ ሁለት ጊዜ ደግማ አነበበችው። ከዚያ የራሷን የማክሰኞ ቁርስ፣ ምሳና እራት ይዛ ሸዋዬ ዘንድ ሄደች።

«ለረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት። የጾም ይሁን» አለቻት።

«ይህን አንብቦ የመጣ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አለች ሸዋዬ። «ነገ ግን ምን ትበያለሽ?»

«እሱን ለእኔ ተይው።»

ማክሰኞን በውሃና በሻይ ዋለች፤ አደረችም። ለአባቷ አልነገረችም፤ ቢያውቁ ኖሮ የመጨረሻዋን እንግዳ እሷን አድርገው እንደገና ይቆሙ ነበር። በዚህ መንገድ ስንዱ ሌላ እንግዳ የማይመጣበትን አንድ ሰዓት አገኘች።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠልጣኞቹ በልተው ሄደዋል። ውሃው ዳር፣ በጀልባው መድረክ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር ተዘጋጅቷል። በሸክላ ድስት ሽሮ ፍም ላይ ይንተከተካል፤ ምስርና ጎመንም አለ። ጋሽ ደርቤ አማተቡና የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። ግራና ቀኝ ተመለከቱ።

«ያበሰሉት በልተዋል?» ብለው ጠየቁ።

«እኛ የምንበላው ኋላ ነው፣ አባባ» አለች ሸዋዬ።

«የት?»

«ከወጥ ቤቱ ጀርባ።»

«ቆማችሁ?»

«ቆመን» አለች ሸዋዬ። ጋሽ ደርቤ እጃቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥተው ጭልፋቸውን ከጨርቁ አወጡ። «እንግዲያው የመጨረሻው እንግዳ አልበላም» አሉ።

ሦስተኛው ፍሬሰንበት የሚኒባስ ረዳት ነው። ታላላቆቹ «ለአራት በተሠራ ወንበር ስድስት የሚያስቀምጥ» እያሉ ያሾፉበታል፤ ስጦታውም እውነት ይኸው ነው። የአባቱን እጅ ግን ከሁሉም በላይ ሲያይ ያደገ እሱ ነው። ሄደና ጭልፋውን ከአባቱ እጅ ወሰደ። «ስጡኝ» አላለም፤ ወሰደው።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለ አንዷለም።

ፍሬሰንበት ወደ ሸዋዬ ዞረ። «ሁሉንም ጥሪያቸው።»

«ሠራተኛ በእንግዳ ወንበር አይቀመጥም፤ ደንብ ነው።»

«ወንበር ማን ጠየቀሽ? መድረኩ ሰፊ ነው። ጠጋ ጠጋ ይላሉ።»

መጡ። አብሳዮች፣ አስተናጋጆች፣ ሳህን አጣቢዎች፤ በመድረኩ ጠርዝ ላይ እግራቸውን ወደ ውሃው አንጠልጥለው ተቀመጡ። አሥራ አንድ ነበሩ የሚሉ አሉ፤ ሸዋዬን ሲጨምሩ ግን አሥራ ሁለት ይሆናሉ። እኔ ደጋግሜ ጠይቄ በአሥራ ሁለት ረግቻለሁ። አንዷለምና ስንዱ ሲጨመሩ አሥራ አራት። ምግቡ ደግሞ የአራት ሰው ነው።

ፍሬሰንበት ነጩን ጨርቅ ክንዱ ላይ ጣለና ከሁሉ ራቅ ብላ ከተቀመጠችው ሳህን አጣቢ ጀመረ። ከጭልፋው አፍ ግማሽ ያህል ብቻ ያወጣላታል፤ ያልፋል፤ ሳህኗ ባዶ ሳይሆን ተመልሶ ይመጣል። ለሁሉም እንደዚያው አደረገ፤ ሦስት ዙር፣ ለአንዳንዱም አራት። ባዶ ሳህን ያላየ ሰው አልበቃኝም አይልም። አንድ ወፍራም አብሳይ «ጨምርልኝ እንጂ፣ ረዳት ነህ አሉ፤ መልስ ትከለክላለህ?» ብሎ ሲቀልድ ሰው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ሳቁ ቆመ፤ ድስቱ እየጎደለ ሰው ሲጠግብ ሁሉም አዩ። ጋሽ ደርቤ የልጃቸውን የእጅ አንጓ ብቻ ይመለከቱ ነበር። የእሳቸው አንጓ ነው፤ የጋሽ ቱሉም አንጓ ነው።

በመጨረሻ ፍሬሰንበት ከፍሙ ላይ ያልተነካ አንዲት ትንሽ ሸክላ አነሣ። ማሳለፍ ሳይጀምር ሽሮ ቀድቶ፣ ከድኖ ያስቀራት ናት። ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወንበሩን ሳበ።

«አባዬ፣ የቀረው እንግዳ አንድ ነው።»

«አንተስ?»

«እኔ አሳላፊ ነኝ። እንግዳ አይደለሁም።»

ጋሽ ደርቤ ተቀመጡ።

በዚያ የነበሩት ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ንፋሱ ጸጥ ብሎ ነበር ይላሉ፤ ይህን ማረጋገጥ አልቻልኩም። ሁሉም የሚስማሙበት ግን ከአሥራ አራቱ ሰው አንዱም አልተነሣም፣ አንዱም አልተናገረም። ሽማግሌው እንጀራውን ቆርሰው ሽሮው ውስጥ ሲያጠቅሱ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። ቀስ ብለው፣ እስከ መጨረሻው፣ በሉ። ሸዋዬ ስትናገር «ስንት ሺህ ሰው ሲበላ አይቻለሁ፤ መብላት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ግን አላውቅም ነበር» ትላለች።

ጋሽ ደርቤ እጃቸውን ታጥበው ጭልፋውን ተቀበሉና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እኔ ተቀምጫለሁ፤ ከእንግዲህ አሳላፊ አይደለሁም» አሉ። «ይህ ጭልፋ ላስቀመጠኝ ልጅ ነው። ማን ነው?»

አንዷለም፦ «እኔ አስቀድሜ ባልከፍል ኖሮ አባዬ ከአሰላ አይወጡም ነበር። ቀኑን ተሳስቻለሁ፤ መንገዱን ግን አልተሳሳትኩም።»

ስንዱ፦ «እሱ የገዛው ወረቀት ነው። ሰዓቱን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ በሆዴ።» አባቷ ያን ጊዜ ነበር ማክሰኞን ጾሟን መዋሏን የሰሙት፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ፍሬሰንበት ከመድረኩ ማዶ ነበር። ዞር ብለው ሲያዩት በድስቱ ጥግ የቀረውን፣ የቀዘቀዘውን ሽሮ በእንጀራ ቁራሽ እየጠረገ ቆሞ ይበላል።

ጋሽ ደርቤ ረጅም ጊዜ አዩት። «ጭልፋ ለሦስት አይቆረጥም» አሉ በመጨረሻ።

እስከ አሰላ ድረስ ጭልፋውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተጓዙ። በሚመጣው እሑድ በሰፈሩ ሠርግ አለ፤ ድንኳኑም አሳላፊ ይጠብቃል። ሳይርበው ያሰበው አንዷለም ነው። ተርባ ሰዓቱን የገዛችው ስንዱ ናት። ሳይጠይቅ የወሰደውና ቆሞ የበላው ፍሬሰንበት ነው። ጭልፋው ክብር ነው፤ ነገር ግን የያዘው ሰው አርባ ዓመት ቀዝቃዛ ይበላል፤ ይህንንም ከጋሽ ደርቤ ጨጓራ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኔ ሦስት ጊዜ አስቤበት ሦስት ጊዜ የተለያየ መልስ ላይ ደርሻለሁ። እናንተ በዚያ መኪና ውስጥ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀምጣችሁ ቢሆንና «ማን ነው?» ብለው ቢጠይቋችሁ፣ ጭልፋው ለየትኛው ልጅ ይገባል ትሏቸው ነበር?