ጸጋነሽ ያሰረችው ቋጠሮ

ወገኖቼ፣ አንድ ዓሣ አስጋሪ ነበረ። ጫሞ ሐይቅ ላይ በመንጠቆ የሚያሰግር፣ ሚስት ከማግባቱ በፊት ጀምሮ በዚያ ውኃ የኖረ ሰው ነው። ይህ ሰው ቀኝ እጁን ታመመ።

እንዴት ታመመ? መንጠቆ ወጋው። አስጋሪን መንጠቆ ቢወጋው አዲስ ነገር አይደለም፤ ቁስሉን በሐይቁ ውኃ አጥቦ ሥራውን ቀጠለ። እጁ ግን አበጠ፣ መገለ፣ ሆስፒታል አስተኛው። ሐኪሞቹ እጁን አተረፉለት። የጣቶቹ መደንዘዝ ግን አለቀቀውም። መቅዘፍ ይችላል፣ መሳብም ይችላል። ቀጭን ነገር ሲይዝ ግን ይያዘው አይያዘው አያውቅም። የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት ሚስቱ ነበረች።

ስሙ ዳንሳ ይባላል። ሚስቱ ደግሞ ጸጋነሽ።

ዳንሳ ወደ ሐይቁ በተመለሰ ሰሞን ለአስጋሪዎቹ ማኅበር አዲስ ክር መጣ። ፍሎሮካርቦን ይሉታል። ናይለኑን ክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ይህኛው ይለያል። ውኃ ውስጥ ሲገባ እምብዛም አይታይም፣ ድንጋይ ቢታከከው ቶሎ አይላላጥም። አስጋሪዎቹ ደስ አላቸው። ነገር ግን ክሩ ደረቅ ነው፣ ያሟልጫል። እንደ ናይለኑ በቀላሉ እሺ ብሎ አይታሰርም።

ዳንሳ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስረው የኖረውን ቋጠሮ አሰረ። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳለፈ፣ በራሱ ላይ ጠመዘዘ፣ ሳበ፣ አለቀ። በናይለን አንድም ቀን አሳፍሮት የማያውቅ ቋጠሮ ነው።

ትልቅ ዓሣ ያዘለት። ጥቂት ታገለውና ክሩ ድንገት ቀለለው። ሲስበው ባዶ ነው። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። መንጠቆው ከዓሣው ጋር ይሄዳል፣ ክሩ ባዶውን ይመለሳል። አንድ ጀልባ ላይ አብሮት የሚሠራው ታንቱ መጀመሪያ አጽናናው። በኋላ ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው ዳንሳን የጎዳው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገባ፣ ክሩን ወለሉ ላይ ጣለና ተቀመጠ።

"ልተወው ነው" አላት ጸጋነሽን። "ራቅ ያለ እርሻ ላይ ዘበኛ ይፈልጋሉ ተብሏል። እዚያ እሄዳለሁ።"

"እኛስ?"

"የማገኘውን እልክላችኋለሁ።"

"ልጆችህንስ መቼ ልታያቸው ነው?"

"ክሩ የማይረባ ነው" አለ። "እጄም የማይረባ ነው።"

ጸጋነሽ ክሩን አነሣችው። ወደ በሩ ወጣ ብላ ጫፉን በብርሃን አየችው። ሹሩባ የነበረ ጠጉር ሲፈታ እንዴት እንደሚጠቀለል ታውቃላችሁ? ጫፉ እንደዚያ ሆኖ ነበር።

"ዳንሳ፣ ይኼ እኮ አልተበጠሰም" አለችው። "ከቋጠሮው ሾልኮ ነው የወጣው። ክሩም እጅህም ጥፋት የለባቸውም። አስተሳሰሩ ነው። እስቲ እኔ ላስርልህ።"

ደስ ያለው ይመስላችኋል? አላለውም። መንጠቆውን ሚስቱ ናት የምታስርለት ቢባል ጀልባ መቆሚያው ላይ ምን እንደሚወራ ያውቃል። ግን ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? መንጠቆውን አቀበላት።

መጀመሪያ የእሱኑ ቋጠሮ አሳየኝ ብላ አሰረች። መንጠቆውን በበሩ ጉበን ላይ ካለው ሚስማር ሰቀለች፤ የክሩን ሌላ ጫፍ ውኃ የያዘ ጀሪካን እጀታ ላይ ደጋግማ ጠቀለለች። ከዚያ ጀሪካኑን ለቀቀችው። ቋጠሮው ቀስ እያለ ተንሸራተተ። ጀሪካኑ ወደቀ፣ ውኃው ቤቱን ሞላው።

"ከስንት ሩቅ ቀድተሽ ያመጣሽውን ነው የምትደፊው?" አላት ዳንሳ ተቆጥቶ።

"እዚሁ ይውደቅ" አለችው። "እዚህ ቢወድቅ የሚረጥበው ወለል ነው።"

ሁለተኛ ሞከረች። አሁን ጥምዝዙን አብዝታ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ ቶሎ ሳበችው። ይህ አልሾለከም፤ ተበጠሰ። ክሩ ከራሱ ጋር ሲፋተግ ግሎ ተጎድቶ ኖሯል። ዳንሳ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ወለሉን ወለወለችና እንደገና ተቀመጠች።

በሦስተኛው ክሩን አጥፋ ድርብ አደረገችው። ድርቡን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳለፈች፣ በድርቡ ላላ ያለ ቋጠሮ ሠራች፣ መንጠቆውን በተረፈው ቀለበት ውስጥ አሾለከችው። በምራቋ አራሰችው። ከዚያ ሳትቸኩል፣ ቀስ ብላ ሳበችው። ይህን ከየት እንዳገኘችው ስጠይቃት፣ "ነጠላው እንቢ ካለ ድርቡ እሺ ይላል ብዬ ነዋ" አለችኝ።

ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልታ ሰቀለችው። ተንጠለጠለ። ራት ቀረበ፣ ተንጠልጥሏል። ልጆቹ እየሣቁ በሥሩ አለፉ፣ ተንጠልጥሏል። ሲነጋ እዚያው ነበር።

ያን ጠዋት ጸጋነሽ አዳዲስ መንጠቆዎች አሰረች። እያንዳንዱን በእግሯ ረግጣ እየሳበች ፈተነችው። ያላማራትን ቆርጣ ጣለች። ዳንሳ ይዞ ወደ ሐይቁ ወረደ። ማን እንዳሰረው ለታንቱ አልነገረውም።

ረፋድ ላይ ትልቅ ዓሣ ያዘለት። ክሩ ከጀልባው ሥር ገባ፣ ወዲያ ተወረወረ፣ ወዲህ ተመለሰ። "ላላ አድርግለት፣ ይድከም" ይላል ታንቱ። ዳንሳ መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ምን እየጠበቀ እንደነበር ታውቃላችሁ? ያን የለመደውን መቅለል ነው። አሁን ይቀላል፣ አሁን ይቀላል እያለ። አልቀለለም። ዓሣው ደክሞ ጎኑን ሰጠ፣ ታንቱም አፉን ይዞ ወደ ጀልባው ጎተተው።

ዳንሳ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን አየ። ትንሽ ነገር ናት፣ የጤፍ ፍሬ ብትሏት ትንሽ ከፍ ትላለች። እንዳሰረችው ናት። እንባው መጣ።

"ምን ሆንህ?" አለው ታንቱ።

"ጸጋነሽ ናት ያሰረችው።"

ታንቱ ይሥቃል ብሎ ጠብቆ ነበር። ታንቱ ግን ዓሣውን አየ፣ እሱን አየ። "የእኔንም ታስርልኝ ይሆን?" አለው።

ቤቱ ሲገባ ዳንሳ በሩ ላይ ቆመና ሚስቱን "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አላት። እሷ ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። እንግዳ የገባ መስሏታል።

"ማንን ነው?" አለች።

"አንቺን ነው" አላት። "ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ወለል ላይ ያደርሽውን። ሸሚዜን ስትቆልፊልኝ እኔ አፍሬ ፊቴን የማዞርብሽን። አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብዬሽ አላውቅም።"

እሷ እጅ መታጠቢያ ውኃ አቀረበችለት፣ እጁንም ራሷ አጠበችው።

ዳንሳ የትም አልሄደም፤ ዛሬም ጫሞ ላይ ነው። ጣቶቹ ዛሬም ደንዝዘዋል፤ ዳኑ ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ከልጆቹ ጋር ነው፣ ቤቱም አልተበተነም። ይህን ሁሉ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ሲነግረኝም እያመሰገነ ነው።

አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ።

የእናንተን ቋጠሮ ማን አሰረው? ሕይወት ሲጎትታችሁ፣ ወዲያና ወዲህ ሲወረውራችሁ፣ ሳትሾልኩ የቀራችሁት በማን እጅ ነው? በራሴ ጣቶች ነው የምትሉ አላችሁ? እስቲ ደህና አድርጋችሁ አስቡ።

ደግሞ ሌላ ልጠይቃችሁ። የፈተናችሁን ሰው አመስግናችሁት ታውቃላችሁ? ረግጦ የሳበውን፣ "ይኼ አይሆንም፣ እንደገና" ያላችሁን? እናታችሁ ትሆናለች፣ አስተማሪያችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ ጠልታችሁት ይሆናል። ቤት ውስጥ ወድቃችሁ የተነሣችሁበት ጊዜ ሁሉ ጌታ ጥልቁ ውኃ ላይ እንዳትወድቁ ያዘጋጃችሁ ጊዜ ነበረ። እኔ እግዚአብሔርን ስለ በረከቱ አመሰግነዋለሁ፤ ገና በጊዜው ስላስበጠሰብኝም ነገር አመሰግነዋለሁ።

እናንተስ? ምስጋና በልብ ይቀመጣል ትላላችሁ። በልባችሁ ያለውን እግዚአብሔር ያየዋል፤ ሰው ግን በምን ያየዋል? ሰው ካልነገራችሁት አያውቅም። ዓመት ሙሉ አጠገባችሁ ኖሮ ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው አስቡ። አንድ ብቻ። ሩቅ ከሆነ ደውሉለት። ታምሞ ከሆነ ሂዱለት። ያ ሰው አሁን ከጎናችሁ ተቀምጦ ከሆነ ግን ስብከቴን እስክጨርስ አትጠብቁ።