ያልሞላው ገበጣ

አንድ ጊዜ ጅብ አንዲት የገበጣ ፍሬ በላ። ነገሩ ይኸው ነው። እንዴት እንደበላትና ምን እንዳስከተለች ግን መናገር ያስፈልጋል።

ሁለት ክረምት ዝናብ ቀርቶ ነበር። ወንዞቹ ደርቀው የቀረው በአንድ ገደል ሥር የተጠራቀመ ኩሬ ብቻ ነው። በዪም ተበዪም ከዚያው ይጠጣል። ከጠጪዎቹ አንዷ አህያ ነበረች። ጀርባዋ ገጥቦ፣ አንድ እግሯ ሲያነክስ ያዩ ነጋዴዎች እዚያ ጥለዋት ሄደዋል። ሌላ ውሃ ፍለጋ መሄድ አትችልም። ጅብ ይህን ያውቃል። በየቀኑ ከኩሬው ማዶ ተቀምጦ ያያታል። እሷም ማየቱን ታያለች።

አንበሳ ደግሞ የፈራው ለውሃው ነው። ደም የገባበት ኩሬ ይሸታል፣ የሸተተ ኩሬ ሁሉንም ይገድላል። ብዙ ካሰበ በኋላ ቀበሮን ጠርቶ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ከነቤተሰቡ ለገበጣ እንዲመጣ ንገሪ አላት።

ቀበሮ ዞራ ተናገረች። ጅብ የሚሰማው በሆዱ ስለሆነ «ገበጣ» የተባለውን «ገበታ» ብሎ ሰማ። ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ቁርበት እስኪነጠፍለት እንኳ አልጠበቀም።

«ሥጋው የት አለ?» አለ።

«ገበጣ ነው ያልኩህ፣ አያ ጅቦ። ጣ» አለች ቀበሮ።

«ጣው ይበላል?»

የጅብ ሚስት ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከተች።

በኩሬው ዳር ክብ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ላዩ ላይ ጥንት ውሃ የቦረቦራቸው ስልሳ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። ከዳር ጀምረው እየዞሩ፣ እየጠበቡ እስከ መካከሉ ይሄዳሉ። አንበሳ ከድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ሕጉን ተናገረ። የሚጫወቱት አህያ፣ ቀበሮና ጅብ ናቸው። እያንዳንዳቸው ሃያ ፍሬ ያመጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ አንድም አይጨመርም። በየምሽቱ በየተራቸው አንዳንድ ፍሬ ያስቀምጣሉ። የመጨረሻዋን የመካከል ጉድጓድ የሞላ አሸናፊ ነው፣ የፈለገውን ይጠይቃል፣ አንበሳም ይፈጽምለታል። ድንጋዩ ሞልቶ አሸናፊው እስኪጠይቅ ድረስ ግን ማንም ማንንም አይነካም።

አንድ ነገር ጨመረ። ፍሬው ጠጠር መሆን የለበትም። ያመጣው ራሱ የሚበላው ምግብ መሆን አለበት።

ቀበሮ ጠጠር ምን ነውር አለው ብላ ጠየቀች።

«ጠጠርማ ጥጋበኛም ያስቀምጣል» አለ አንበሳ።

ረሃብን የማያውቅ ይህን ቀላል ሕግ ይለዋል። የሚያውቅ ዝም ይላል።

አህያ ከተራገፈ ጭነቷ የተበተነውን በቆሎ ካፈር ለቅማ ሃያ ቢጫ ፍሬ አመጣች። ቀበሮ ሃያ የደረቀ ቀይ ቀጋ፣ ጅብም ሃያ ነጭ የአጥንት ስባሪ አመጡ። ተራውን ያወጣችው ቀበሮ ናት። ታናሽ ይጀምር፣ ለታላቅ ሰው መዝጊያው ይገባዋል ብላ አህያን መጀመሪያ፣ ራሷን መካከል፣ ጅብን መጨረሻ አደረገች። ጅብ ታላቅ ሰው መባሉ ደስ አሰኝቶት ደረቱን ነፋ።

ወደ ጎሬው ሲመለስ ተከተለችው። ስልሳ ጉድጓድ ለሦስት ሲካፈል የመጨረሻዋ የእሱ እንደምትሆን እያስረዳች ሦስት ጊዜ ነገረችው። በሦስተኛው ገባው።

«ያን ጊዜ አህያዋን ትጠይቃለህ። ጉበቷ የእኔ» አለችው።

«ለምን አንቺ አትዘጊም?»

«እኔ ብጠይቃት ማን ይጥልልኛል? መንጋጋው ያንተ ነው፣ አያ ጅቦ።»

በመጀመሪያው ምሽት ድንጋዩ ላይ ሦስት ነጥቦች ተቀመጡ። የጅብ ልጆች ሳቁ። በሦስተኛው ምሽት ግን መሳቅ አቆሙ፣ በሰባተኛው ደግሞ አንበሳ ከተቀመጠበት ተነሳ። ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ እያለ የዞረው መስመር ወደ ሁለተኛው ዙር ሲገባ ቢጫው ከቢጫው፣ ቀዩ ከቀዩ ጎን እየተሰለፈ ከዳር ወደ ውስጥ ይጠማዘዝ ጀመር። ማንም አላቀደውም። አንዷ በቆሎ፣ አንዷ ቀጋ፣ አንዱ አጥንት አስቀመጡ እንጂ ጥለት እንሥራ ያለ አልነበረም። በአሥራ ሁለተኛው ምሽት የምትጠልቀው ፀሐይ በድንጋዩ ላይ በአግድም ስትወድቅ፣ ድንጋዩ ራሱ ቀስ ብሎ የሚዞር መሰለ። ወፎች ሊያዩ ወረዱ። እናቶች ልጆቻቸውን ዝም በሉ ማለት አላስፈለጋቸውም።

ጅብ ብቻ ይቸገር ነበር። በተራው ስባሪዋን ከማስቀመጡ በፊት አንድ ጊዜ ይልሳታል። ያኔ ቀበሮ ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ «ከአንድ ስባሪ አንዲት አህያ ትበልጣለች» ትለዋለች። ምራቁን ይውጥና ያስቀምጣል። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ላሰ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አስቀመጠ።

በአሥራ ዘጠነኛው ምሽት የቀሩት ሦስት ጉድጓዶች ነበሩ። አህያ ቆጠረቻቸው። ደግማ ቆጠረች። የመካከሏ የጅብ ናት።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ የመጨረሻዋን የበቆሎ ፍሬ ከከንፈሯ ሥር ይዛ ዋለች። ለቀናት የበላችው የዛፍ ቅርፊት ብቻ ነው። ፍሬዋን ብትውጣት ከረሃቧ ጥቂት ይቀልላታል፣ ድንጋዩም አይሞላም፣ ካልሞላ ደግሞ አትሞትም። የራሱን ፍሬ በበላ ላይ አንበሳ የተናገረው ቅጣት የለም። ምላሷን ወደ ፍሬዋ ላከች፣ መለሰች። እንዲህ ስትል ዋለች።

በመሸ ጊዜ እያነከሰች ወደ ድንጋዩ ሄደች። ከላይ ሆና አየችው። ሦስቱ ቀለሞች ከዳር ተነስተው፣ ተያይዘው፣ ሳይጋጩ ወደ አንድ ቦታ ይወርዳሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። በሕይወቷ ያየችው መንገድና ጭነት ነው። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ፍሬዋን አስቀመጠች።

አንበሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን እንደሚዘጋ አውቀሻል?» አላት።

«ቆጥሬያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ?»

«ሃምሳ ሰባቱም የተቀመጡት በረሃብ ነው። በእኔ አይጉደል።»

አንበሳ ፊቱን ወደ ድንጋዩ መለሰ።

ቀበሮ ተከትላ ቀጋዋን አኖረች። ቀና ስትል ፀሐይዋ ከገደሉ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፣ ብርሃኑም በሃምሳ ዘጠኙ ፍሬዎች ላይ አለፈ። የቀረችው መካከል ያለችው አንዲት ጥቁር ጉድጓድ ናት፣ ጥለቱ ሁሉ ወደ እሷ ይወርዳል። ቀበሮ ብልጥ ነች፣ በዕድሜዋ የማትጠቀምበትን ነገር አይታ ቆማ አታውቅም። ያን ምሽት ቆመች። ጆሮ ሥር የምትለውን ረሳችው። ጉበቱንም ረሳችው።

ሁሉም ድንጋዩን ሲያይ ጅብ አጥንቱን ያይ ነበር።

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አያ ጅቦ፣ ምን ትቆረጥማለህ?» አለ አንበሳ።

«ጥርሴን፣ ጌታዬ።»

«ፍሬህስ?»

ጅብ እግሮቹ መካከል አየ። ድንጋዩ ላይ አየ። ምላሱን በአፉ ዙሪያ አዞረ።

«ገበታ መስሎኝ» አለ።

ሚስቱ ልጆቿን ሰብስባ ተነሳች። ሃያ ቀን ሙሉ ጣ ሲባል የኖረ ባል ይዤ የት እገባለሁ እያለች እስከ ጎሬዋ ድረስ ሄደች። ቀበሮም ተነስታ ሄደች። አልተመለሰችም።

አንበሳ ሕጉን እንደነበረ ደገመው። ሌላ ፍሬ አይጨመርም። ድንጋዩ አልሞላም። ስላልሞላ ማንም ማንንም አይነካም።

ጅብ ግን አልሄደም። ሦስት ቀን ከድንጋዩ ፊት ተቀምጦ ባዶዋን ጉድጓድ አፈጠጠባት፣ እሷን ያይና አህያዋን ያያል፣ አህያዋን ያይና ጉድጓዷን ያያል። ሆዱ እየጮኸ አንበሳም እንቅልፍ አጣ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋስ ተነሳና ቆመ። ከዚያ አንዲት ትልቅ ጠብታ ወረደች። ያ ሁሉ ምድር እያለ የወረደችው በድንጋዩ መካከል፣ በባዶዋ ጉድጓድ ነበር። ልክ እስከ አፏ ሞላቻት። ጠብታዋ ብርሃኑን ይዛ እንደ አጥንት ነጭ ሆነች፣ ጥለቱም ተዘጋ። አንበሳ አንገቱን ደፋ።

«ሞላ» አለ ጅብ ብድግ ብሎ። «ሞላ፣ ጌታዬ። አሁን አህያዋን።»

«ሞልቷል» አለ አንበሳ። «የሚጠይቀው ግን የሞላው ነው። ማን ሞላው?»

ጅብ ዙሪያውን አየ። ከዚያ አንበሳ ወደሚያይበት ቀና አለ፣ አህያም ቀና አለች። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆሙ፣ ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ጠብታ ፊታቸው ላይ ወረዱ።

«አሸናፊው የፈለገውን እስኪጠይቅ እንጠብቃለን» አለ አንበሳ።

ሰማይ እስከ ዛሬ አልጠየቀም።

ዝናቡ ያን ቀን ገብቶ እስከ መስከረም አላቋረጠም። ጎርፉ ፍሬዎቹን ከድንጋዩ ጠርጎ ዳር ላይ ጣላቸው። ከሃያው በቆሎ አሥራ አንዱ በቀለ። ጅብ በዝናብ እየተደበደበ ሚስቱን ፍለጋ ሄደ። አንበሳም ወንዞቹ ሲሞሉ ወደ ቀድሞ አገሩ ተመለሰ። ከድንጋዩ አጠገብ የቀረችው አህያ ናት።

ከዚህ የምንማረው፣ ታላቅ ነገር በፊቱ ሲሠራ ዓይኑን ከሆዱ ማንሳት ያልቻለ የተመኘውን ገበታ በገዛ ጥርሱ እንደሚያጎድል ነው።