የሸህ ሙሔ የሐሙስ መንገድ

ሞሚና መርዶውን የሰማችው በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ የቀትሩን ዙህር ሰግዳ ከመስገጃዋ ሳትነሳ ነው። አንዲት የማታውቃት አሮጊት የሞሚናን ባል የሸህ ሙሔን በቅሎ እየሳበች ደጇ ላይ ቆመች። በበቅሎዋ ላይ ማንም የለም።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች አሮጊቷ። «ከድጃ እባላለሁ፤ ከወንዝ ማዶ ነኝ። ሸህ ሙሔ ቤቴ አድረው፣ የንጋቱን ሱብሒ ሰግደው ጋደም እንዳሉ አልነቁም። ጀናዛውን ሰዎች ተሸክመው ከኋላዬ እየመጡ ነው፣ ልጄ።»

ሞሚና አላለቀሰችም። ትናንት ሐሙስ ሸሁ ሲወጡ እንደ ልማዳቸው «አውፍ በይኝ» ብለው ይቅርታ ጠይቀዋት ነበር። እሷ ግን ምስሯን እየለቀመች ዝም አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አኩርፋቸዋለች።

የኩርፊያው ምክንያት አንድ ልጃቸው እንድሪስ ነው። እስከ አሥራ ሦስት ዓመቱ በእናቱ እጅ የጎረሰ፣ ሰው ፊት ቃል የማይወጣው ዓይናፋር ነበር። አባቱ ሃይማኖቱን እንዲማር ከወንዝ ማዶ ደረሳ አደረጉት። ደረሳ ደግሞ ኪታቡን ሲያጥፍ በየደጁ «ስለ አላህ» ብሎ ይበላል። ሞሚና ስንቅ ልትልክ ስትነሳ ሸሁ ከለከሏት።

«ጎተራችን ሞልቶ ልጄ ደጅ ለደጅ ይለምን?»

«ሌሎቹም የሰው ልጆች ናቸው፣ ሞሚና።»

«እርስዎ ልብ የለዎትም!»

 ሸሁ እህል ነጋዴ ናቸውና ሐሙስ ሐሙስ ማሽላ ጭነው ሲወጡ፣ ገበያ ነው ብላ ጠይቃቸው አታውቅም።

«እርስዎ ቤት ምን ወሰዳቸው?» አለች አሁን ለከድጃ።

«ማሽላው ነዋ! ለእኔም ለጎረቤቶቼም ያራግፋሉ። ደጃችንን የረገጠ ደረሳ ሁሉ ከዚያ ይበላል፤ ያንቺም ልጅ አብሮ።»

«እንድሪስ ያውቃል?»

«የት አውቆ! አንድ ሐሙስ መጣና ‹ስለ አላህ› አለ። አባቱ ከመጋረጃው ኋላ ናቸው። እኔም ‹ትናንት የበላኸው መቼ አለቀና!› አልኩት። ‹እማማ፣ ትናንት የበላው የትናንቱ ሆዴ ነው› አይለኝም? ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን በኩታቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። ‹ልጄ አፍ አወጣ› አሉኝ።»

«ለእኔስ ምነው ሸሸጉኝ?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹ሞሚና ካወቀች ስልቻው ላይ ማር ትጨምርበታለች፤ ማር የቀመሰ ደረሳ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ ያስታውሳል› ብለው ሳቁ።»

ሞሚና ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አላት።

«ትናንት አውፍ አላልኳቸውም» አለች በቀስታ።

ከድጃ እጇን ያዘቻት። «ስላንቺ በክፉ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ትናንት እንኳ አጥብቄ ብጠይቃቸው እንዲህ ነው ያሉኝ፦ ‹ከደጁ ኋላ ያለውን ሲሳይ እኔ ልሸከም፤ ማንኳኳቱ ግን የእሱ ነው።›»

ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ የማያውቀው ሰደቃ እንዴት ያለ እንደሆነ ዑለሞች ሲያስተምሩ ሞሚና ብዙ ጊዜ ሰምታለች። ያቺ ግራ እጅ ምን ያህል ብቸኛ እንደሆነች ግን የነገራት አልነበረም። ሦስት ዓመት ልጁን የምወደው እኔ ብቻ ነኝ ብላ፣ ከእሷ እኩል ከሚወደው ሰው ጎን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ወላጅ ልጁን ተሸክሞም ይወዳል፤ አውርዶ መንገዱን እየጠረገለትም ይወዳል። ሁለተኛው ምስጋና የለውም፤ ምናልባትም የሚከብደው እሱ ነው።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ለሸህ ሙሔ ዱዓ አድርጉላቸው። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ኑርና ብርሃንም ያድርግላቸው።