የላቬንደሯ ማሰሮ

አጥናፉ እማሆይ ወለተ ሰንበት ዘንድ የመጣው ስለ ሚስቱ ሊጠይቅ ነው። አስካለ እናቷን ከቀበረች ወዲህ እህል አልቀምስም ብላለች። «ዓይኗ እንባ ባቀረረ ቁጥር አይዞሽ፣ በቃ፣ አታልቅሺ እላታለሁ። አንድም ቀን እንድታለቅስ ትቻት አላውቅም። ታዲያ ለምንድን ነው የባሰባት፣ እማሆይ?» አላቸው።

እማሆይም እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ገበሬ ነበረ። ሴት ልጁ ስትዳር በቆርቆሮ የተከለቻትን ላቬንደር «አባዬ፣ አደራህን» ብላው ሄደች። ላቬንደር ታውቃለህ አይደል? ያቺ አበባዋ ወይን ጠጅ የሆነች፣ ሽታዋ ደስ የሚል። ሰውዬው ልጁን ሲወድ ለጉድ ነው፤ አበባዋንም እንደዚያው ወደዳት። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው አላምር አለውና ከገበያ አዲስ ማሰሮ ገዛ። ጠብታ እንዳያፈስ ለወጥ እንደሚሆን አድርጎ አሟሸው፤ አበባዋንም እዚያ አዛወራት። ብርድ እንዳይመታት ቤት አስገባት። ጠዋት ጠዋት እሱ ቁርስ ሳይቀምስ እሷን ውሃ ያጠጣታል። ጎረቤቶቹ «ዳዊትም ድገምላት እንጂ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱ ምን ገዶት!

ነሐሴ ላይ ቅጠሏ ከሥር ጀምሮ ጠቆረ። ደንግጦ ውሃ ጨመረላት፤ ባሰባት። ጋቢውን አለበሳት፤ ባሰባት። ልጄ ለመስቀል ስትመጣ ምን እላታለሁ ብሎ ምስኪኑ አባት ተጨነቀ።

አንድ ቀን ወደ መስኮቱ ሊያስጠጋት ማሰሮውን ሲያዘነብለው የገማ ውሃ ፈሰሰ። ውሃው መውጫ አጥቶ ሥሯን ሲያበሰብስ ከርሟል። ሰውዬው አበባዋን ከነአፈሯ አወጣት፤ ምስማር አመጣና ያን የመሰለ ማሰሮ በገዛ እጁ ታቹን በሳው። መልሶ ተክሎም ዝናብ የማይደርስበት፣ ብርሃንና ነፋስ የሚገባበት በረንዳ ላይ አኖራት። ውሃም አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ሆነ። ልጁ ስትመጣ ላቬንደሯ ከስታ ነበር፤ ግን አዲስ ቅጠል ጀምራለች።

እማሆይ ወደ አጥናፉ ዞሩ። «ሚስትህን እንደምትወድ አገር ያወቀው ነው፣ ልጄ። ግን በሆዷ የሞላውን እንባ መውጫ ያሳጣኸው አንተ ነህ። የምታጽናናት ሁሉ እላዩ ላይ ይጨመራል እንጂ የት ይሂድ? በል ቤትህ ግባ። ስለ እናቷ አንስተህ አጫውታት። ማልቀስ ስትጀምር አጠገቧ ቁጭ በል፤ ሌላ ምንም አታድርግ።»

አጥናፉ «እናቷ እኮ እኔንም እንደ ልጃቸው ነበር...» ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው። እማሆይ ተጠግተውት ተቀመጡ እንጂ አይዞህ አላሉትም።