ስንጥቁ የማለላት ግመል

ተረት ተረት ስላችሁ፣ የጨው መሬት በሉኝ።

ይህን ነገር ግመሊቱ ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። ለመንጋዋ አልነገረችም፤ ሁልጊዜ ከጥላው ለምታርፍበት ለግራሩም አልነገረችም።

ድሮ፣ ድሮ፣ ድንጋይ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ በረሃ አንዲት ዓይን አፋር ግመል ትኖር ነበር። ሲጠሯት አንገቷን ትሰብራለች። መንጋው ውሃ ሲወርድ እሷ ከሁሉ ኋላ ትጠጣለች። አንድ ልጅ ነበራት፤ እግሩ ገና ያልጠና ነጭ ግልገል። በዚህ ዓለም የምትሳሳለት እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ግልገሏን ግራሩ ሥር አስተኝታ ስትቆም መሬቱ እግሯን ነዘራት። ጎንበስ ብላ ብታይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ።

«እመት ግመል!» አላት ስንጥቁ።

«አቤት!» አለች።

«እየመጣሁ ነው። እናቴ፣ ከታች ያለችው የቀለጠች ድንጋይ፣ ገፍታ አስነሥታኛለች። ለማንም እንዳትናገሪ። ዝም ካልሽልኝ ልጅሽን አልውጠውም።»

«ማልልኝ።»

«በእናቴ እሳት! አልውጠውም።»

ግመሊቱም ዝም አለች።

ሰነበተና መሬቱ እንደገና ነዘረ። ስንጥቁ አሁን ኮቴ የሚያስገባ ሆኗል።

«እመት ግመል፣ ዝም ብለሻል?»

«ዝም ብያለሁ።»

«እኔም ቃሌን አልረሳሁም።»

ያን ዕለት ግራሩ ቅጠሉን እያራገፈ ጠየቃት። «እህቴ፣ ሥሬን ነፋስ መታው። ተወልጄ ሥሬን ነፋስ መትቶት አያውቅም። አንቺ እዚህ ስትቆሚ የሰማሽው ነገር አለ?»

«ምንም» አለች ግመሊቱ፣ መሬት መሬት እያየች።

መንጋውን የሚመራው አውራ ግመል ሳቀ። «አያ ግራር፣ እሷን ነው የምትጠይቀው? ይህች እኮ የራሷን ድምፅ እንኳ ሰምታ አታውቅም! አትሸበር፤ ጨው የጫኑ ግመሎች በሩቅ ሲያልፉ ነው መሬቱ የሚንቀጠቀጠው።»

መንጋው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ምሎልኛል» አለች በልቧ። «ምሎልኛል።»

መሬቱ ለሦስተኛ ጊዜ የሚነዝርበት ቀን መጣ። ግልገሉን እንደ ልማዷ ከግራሩ ጥላ ትታ ከመንጋው ጋር ውሃ ወረደች። ገና አፏን ውሃው ላይ ስታሳርፍ ውሃው ሸሸ። መሬቱ አጓራ። የማዶው ሜዳ እንደሚነሣ በሬ ወደ ላይ ተነሣ፤ እነሱ የቆሙበት ወደ ታች ሰመጠ። በመካከል ጥቁር አፍ ተከፈተ፤ ከውስጡም ጢስ ወጣ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው የረገጡት መንገድ እንደ አሮጌ ጠፍር ተበጠሰ።

አቧራው ሲረግብ ቀና አለች። ግድግዳ ቆሟል፤ ከአንገቷ ይረዝማል። በግድግዳው ጫፍ ግማሽ ሥሩ አየር ላይ የተንጠለጠለ ግራር፤ ከግራሩ ሥር ነጭ ግልገል።

«እምቧ!» አለ ግልገሉ። ጡቷ ሞልቶ ያንጠባጥብ ጀመር።

«ምለህልኝ ነበር!» አለች ለስንጥቁ።

«መሐላዬን መች በላሁ? አልዋጥኩትም። ያው፣ ቆሟል። አልለያችሁም ግን አላልኩሽም።»

አውራው ግመል ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እንሂድ! እንሂድ! መሬት አንዴ አፉን ከከፈተ አይጠግብም!»

ያን ጊዜ ግመሊቱ በመንጋው ሁሉ ፊት አንገቷን አቀናች።

«አያ ግራር! አውቅ ነበር። ስንጥቁ ነግሮኝ ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ።»

የሳቀ አልነበረም። ግራሩም ከላይ ቀስ ብሎ መለሰላት።

«ብትነግሪኝ ኖሮ ጥላዬን እነፍገው ነበር። ፀሐይ ሲመታው እየሮጠ ወዳንቺ ይመጣ ነበር።»

ግመሊቱ አለቀሰች።

«እኔም ሥሬ የነገረኝ አለ» አለ ግራሩ። «ይህ ስንጥቅ ወደ ፀሐይ መግቢያ ሲሄድ እየቀጠነ...»

«ዝም በል!» ብሎ ስንጥቁ ጮኸ። አንድ ሥር በጠሰበት። «ዝም ካልክ አልጥልህም! በእናቴ እሳት!»

«የአንተን መሐላ አይተነዋል» አለ ግራሩ። «እህቴ፣ እየቀጠነ ሄዶ ያልቃል! መጨረሻ አለው!»

ይህን ብሎ ወደ ስንጥቁ ወደቀ፤ ግልገሉ ግን ከላይ ቆሞ ቀረ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግመሊቱ በስንጥቁ ከንፈር ላይ ወደ ፀሐይ መግቢያ መሄድ ጀመረች። በሄደች ቁጥር ትጮኻለች፦ «ልጄ፣ ድምፄን ተከተል! ሰማችሁ፣ ድኩላዎች፣ ሰጎኖች፣ እዚህ መሬቱ ተሰንጥቋል!» ከላይ ግልገሉ ይከተላታል። የራሷን ድምፅ ያን ቀን ሰማችው። ግድግዳው እያጠረ፣ አፉ እየጠበበ ሄደ። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ከቀጠነበት ስትደርስ ተሻገረች፤ ቆማም ልጇን አጠባች።

ግመሎች ዛሬም እዚያ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ስንጥቁ በሚያልቅበት በኩል ዞረው ያልፋሉ።

ፍርሃት የደበቀው ምስጢር ከባለቤቱ እግር ሥር ይሰፋል።