ከክብደቱ ምንም ያልጎደለው ሳንቲም

የወርቅ ሳንቲም የሚሰበስብ አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «መምህርት፣ እማማ ደብሪቱ የተናገሩትን አቃናሁት እንጂ ከሐሳባቸው ምን አጎደልኩ?» ነው ያልከኝ። መልስ ታገኛለህ። እስከዚያው ከአንደበታቸው የጻፍከውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውና ስማኝ።

ይህ ሀብታም ለጌጥ የሚሆን ወርቅ አይገዛም ነበር። የሚፈልገው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በአሜሪካ የተመቱትን፣ በአንድ ፊታቸው የሴት ራስ፣ በሌላው ክንፉን የዘረጋ ንስር ያለባቸውን ሳንቲሞች ነበር። እያንዳንዱን በወረቀት ኪስ ይከታል፤ በኪሱም ላይ የተመታበትን ዓመትና ከማን እጅ እንዳገኘው ይጽፋል። ሲያነሣቸው ጠርዛቸውን እንጂ ፊታቸውን አይነካም። በክብደታቸው ሊገዛ ሚዛን ይዞ የመጣን ገዢ ከደጅ ይመልስ ነበር።

ከሁሉም አብልጦ የሚጠብቀው አንድ ትንሽ ሳንቲም ነበረው። ከንስሩ በታች ያለች አንዲት ፊደል የት እንደተመታ ትናገራለች፤ በዚያ ሳንቲም መምቻ ቤት በዚያ ዓመት የተመቱት ጥቂት ነበሩ፤ ከጥቂቶቹም አብዛኞቹ ቀልጠው አልቀዋል። ሳንቲሙ ግን ለዓይን የሚማርክ አልነበረም። በፊደሎቹ ሥር ጥቁረት ተኝቶበታል፤ ፊቱን ቀላ ያለ ደመና ሸፍኖታል፤ ጠርዙም በአንድ በኩል ተጎድቷል።

ሀብታሙ ታመመ። ዘመድ ሲርቀው አንዲት መበለት ስድስት ዓመት አስታመመችው። ይህች ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋር በኪራይ ቤት የምትኖር፣ በየጊዜው «ልቀቂ» የምትባል ነበረች። መሞቻው ሲቀርብ ሳንቲሙን በእጇ አኖረላትና፣ «ይህ ላንቺና ለልጆችሽ ቤት ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ የማውቀው፣ የድሮ ሳንቲም ገምቶ የሚገዛ ገማች ይመጣል፤ ለእሱ አሳዪው። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» አላት።

መበለቷ አንጥረኛ ወንድም ነበራት። አንጥረኛ ወርቅ ሲቀበል በባለቤቱ ፊት ይመዝናል፤ ሲመልስም በባለቤቱ ፊት ይመዝናል። ክብደቱ ካልጎደለ እጁ ንጹሕ ነው። ሳያብለጨልጭ የመለሰው ወርቅ ግን ነውሩ ነው። የመበለቷ ወንድም በዚህ ሕግ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ሌባ አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም። ይህን የምነግርህ ጥፋቱን ላቀልለት አይደለም።

ገማቹ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳንቲሙን ለወንድሟ አሳየችው።

«እንግዳ እየመጣ በዚህ ፊቱ ልታቀርቢው ነው?» አላት።

«ወንድምዓለም፣ አይነካ ተብያለሁ።»

«ሟቹ ወርቅ መግዛት ነው የሚያውቀው። ወርቅ የማውቀው እኔ ነኝ» ብሎ ሳቀባት።

በማግሥቱ እሷ ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ ሳጥኗን ከፈተ። ሳንቲሙን መዘነው። አሲድ ውስጥ ነከረው፤ በብሩሽ ፈተገው፤ የተጎዳውን ጠርዝ በመዶሻ አቃናው፤ በጨርቅ ወለወለው። ደግሞ መዘነው። ስትመለስ ከአዲስ ቀለበት ይልቅ የሚያበራ ነገር መዳፏ ላይ አኖረላትና ምስጋናዋን ጠበቀ።

ገማቹ በቀጠሮው መጣ። በአጉሊ መነጽር አየው፤ አንድ ጊዜ ገለበጠው፤ መነጽሩን አጠፈና ከቦርሳው ሚዛን አወጣ። መበለቷ ሚዛኑን ስታይ ተቀመጠች።

«የወርቁን ዋጋ እከፍላለሁ» አለ ገማቹ።

አንጥረኛው ተቆጣ። «ከክብደቱ የጤፍ ቅንጣት አልጎደለም። ሳልነካውም መዝኛለሁ፣ ከነካሁትም በኋላ መዝኛለሁ።»

«አውቃለሁ። የምከፍለውም ላልጎደለው ነው።»

«የጎደለውስ ምንድን ነው?»

«መቶ ሃምሳ ዓመት» አለ ገማቹ። «እሱን አንተም መልሰህ አትቀባውም፣ እኔም አላምንህም።»

የወርቁ ዋጋ የአራት ወር ኪራይ ሆነ። በአምስተኛው ወር መበለቷ ዕቃዋን ደጅ አወጣች። ወንድሟ ዛሬም አልገባውም፤ ለሚያገኘው ሁሉ ስለ ሚዛኑ ይምላል።

አሁን ወደ አንተ እመለሳለሁ። እማማ ደብሪቱ መንደራቸው ከቦታው እንዲነሣ የተደረገበትን ቀን ሊነግሩህ ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስት ጊዜ አቋረጡ። ዓመቱን ተሳሳቱ። በዚያ ቀን የሞተውን ልጃቸውን ስም ሊጠሩ ሲደርሱ ስለ ጥጃቸው ማውራት ያዙ። አንተ ዓመቱን አረምክ። ድግግሞሹን አወጣህ። ጥጃዋን «ከርዕሱ ጋር አትገናኝም» ብለህ ሰረዝካት፤ ዝም ያሉበትን ቦታ በአራት ነጥብ ደፈንከው። ከዚያም የተቀዳውን ድምፃቸውን «ጽሑፉ ካለ አያስፈልግም» ብለህ አጠፋኸው። ይህን ሁሉ የነገርከኝ ራስህ ነህ፤ ስትነግረኝም ምስጋናዬን ትጠብቅ ነበር።

እኔም ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። ያልተሰካካ ዐረፍተ ነገር ያመኛል። ነገር ግን ሥርዓት ማለት የሀብታሙ የወረቀት ኪስ ነው፤ ዕቃውን እንደነበረ ይይዛል፣ ከየት እንደመጣም ይመዘግባል። አንተ ያመጣህልኝ ብሩሽና አሲድ ነው። ሐሳባቸው አልጎደለም ትለኛለህ። አዎን፣ አልጎደለም። የአንጥረኛውም ወርቅ አልጎደለም።

እማማ ደብሪቱ ጥር ላይ ዐርፈዋል፤ ተመልሰህ አትጠይቃቸውም። ማክሰኞ ሴት ልጃቸው የእናቷን ድምፅ ልትሰማ ከገጠር ወደዚህ ትመጣለች። በሩን የምትከፍትላት አንተ ነህ። «ከሐሳባቸው ምን አጎደልኩ?» የሚለውን ጥያቄ ያን ጊዜ ለእሷ አቅርብላት።