የአያ ፈንቴ ድንጋይ

በሾላ በር መንደር በየግቢው፣ ከቤቱ በር ትይዩ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ ድንጋይ አለ። «የአያ ፈንቴ ድንጋይ» ይሉታል። ወንድ ልጅ ከጤና ጣቢያ ተገርዞ በገባ ዕለት አባቱ እዚያ ላይ ብቻውን ይቀመጣል፤ እናቲቱ ልጁ የተጠቀለለበትን ነጭ ጨርቅ በሩ ላይ ቆማ እስክታሳየው ድረስ እህል አይቀምስም፣ የሚያጫውተውም የለም። መንገደኛ ሲያየው ከሚስቱ ጋር የተጣላ ይመስለዋል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት አያ ፈንቴ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው ገራዥ ነበር። ሕፃኑ ለማልቀስ አፉን እስኪከፍት ሥራው ያልቃል ይባልለት ነበር፤ ይህ እንኳ ትንሽ ሳይጋነን አልቀረም። ጥድፊያውም ለጉድ ነበር፤ ገርዞ፣ አስሮ፣ መርቆ፣ ጠላውን ጨልጦ ወደሚቀጥለው ድግስ ይሮጣል።

እንደሚነገረው፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች። ባሏ ከደስታው ብዛት የተገረዘውን ሕፃን በጥቁር በርኖሱ ጠቅልሎ አቀፈው፤ አያ ፈንቴም እንደ ልማዱ ተሰናብቶ ወደ ማዶ መንደር ተሻገረ። ልጁ ጥቂት አልቅሶ ዝም አለ። እንግዶቹ እየተቀባበሉ «ጎበዝ! የአባቱ ልጅ!» እያሉ አወደሱት። ደሙ ግን አልቆመም ነበር፤ ጥቁሩ በርኖስ እየመጠጠ ደበቀው። የሚያውቅ ሰው ቢኖር ያ ዝምታ ያስደነግጠው ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ግን ማዶ፣ ሌላ ድግስ ላይ ነበር።

አያ ፈንቴ በማግስቱ ሲመለስ የሰማው የትርንጎን ለቅሶ ነው።

«ጥቂት ብትቀመጥ ምን ነበረበት፣ አያ ፈንቴ?» አለችው። 

እሱም ከበሯ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። ለቀስተኛው በአጠገቡ ገባ፣ ወጣ፤ የሰደበውም፣ ተነሥ ያለውም አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ለግርዛት የጠራው የለም። ሰው ሰላምታ አልነፈገውም፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ግን ጠፋ። ያሳዝናል፤ በሰው መሃል እየኖረ ሰው ናፈቀው።

ዓመታት አልፈው ትርንጎ ሌላ ወንድ ልጅ ወለደች። ገራዥ ይምጣ ሲባል «አያ ፈንቴን ጥሩልኝ» አለች። ባሏ «አብደሻል እንዴ?» ቢላት፣ «ለልጄ ከሱ የበለጠ ስሕተት የሚፈራ ገራዥ ከየት አመጣለሁ?» አለችው።

አያ ፈንቴ መጣ። ምላጩን በፈላ ውሃ ነክሮ፣ እጁን ደጋግሞ ታጥቦ፣ ያለ ጥድፊያ ገረዘ። «በነጭ ጠቅልይው» ብሎ ወጣና ያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ውስጥ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሳቃል፤ እሱ ብቻውን በሩን ያያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትርንጎ ወጥታ ጨርቁን ዘረጋችለት። ንጹሕ ነበር።

«አያ ፈንቴ፣ ግባ» አለችው።

አልተነሣም። «እባክሽ ደግመሽ እይው» አላት፣ እንባው እየወረደ።

ዛሬም በሾላ በር እናቲቱ ነጩን ጨርቅ ስትዘረጋ፣ የባሏ ስም ማንም ይሁን ማን፣ «አያ ፈንቴ፣ ግባ» ትለዋለች። እሱም በመጀመሪያው ጥሪ አይነሣም። «ደግመሽ እይው» ይላታል፤ እሷም ተመልሳ ገብታ ታያለች።